የሕዝቅያስ በለስና በኮምፒውተር የተነደፈው ክትባት

ሕዝቅያስ ታሞ በጸለየ ጊዜ እግዚአብሔር በዕድሜው ላይ አሥራ አምስት ዓመት ጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ተስፋውን ተናግሮ አልሄደም፤ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ስለ ክትባት ስንነጋገር ይህን ታሪክ ለምን እንደምንዘለው አይገባንም።

በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት ወደ አገራችን ሲገባ ስለ 666 የተወራውን እናስታውሳለን። ከእኛም መካከል ሰምተን ዝም ያልን አለን። ያ ዝምታ ዛሬም ይከነክነናል፤ ወሬውን አምነው ሳይከተቡ የቀሩ እናትና አባቶች ነበሩና።

አሁን ደግሞ «ክትባቱን ኮምፒውተር ነው የሠራው» የሚል ፍርሃት እንሰማለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይረስ ሲባዛ ራሱን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። አንዳንዱ ስሕተት መልኩን ስለሚለውጠው ሰውነታችን ትናንት ያወቀውን ጠላት ዛሬ ይስተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚሆኑ ዝርያዎችን የሚያስመርጠው ለዚህ ነው። ከምርጫው በኋላ ክትባቱን ማምረት ወራት ይፈጃል፤ ቫይረሱ ግን ቆሞ አይጠብቅም።

በአሜሪካ ሲያትል፥ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፥ ፕሮፌሰር ዴቪድ ቤከር የሚመሩት ተቋም በተፈጥሮ የሌሉ ፕሮቲኖችን በኮምፒውተር ይነድፋል። ተመራማሪዎቹ ኳስ የመሰለ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት ነድፈው የኮሮና ቫይረስ ከሕዋሳችን ጋር የሚጣበቅበትን ክፍል 60 ጊዜ ደረደሩበት። በሰው ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ደቡብ ኮሪያ ፈቀደችው። ኮምፒውተሩ የመሐንዲስ የንድፍ ወረቀት ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ ስንገባ ወረቀቱ ውስጥ አንገባም። ወደ ክንዳችን የሚገባ አንዳች የኮምፒውተር ነገር የለም።

መመካትም አይገባም። ያ ክትባት የተነደፈው ለመጀመሪያው ዝርያ ነበር፤ በተፈቀደ ጊዜ ኦሚክሮን ዓለምን አዳርሶ ነበር። ስለዚህ አሁን የሚፈለገው ቫይረሱ በቀላሉ ሊለውጠው የማይችለው ክፍል ነው፤ ቢለውጠው ራሱ የሚጎዳበት። የብዙ ዝርያዎችን ቁራጭ በአንድ ቅንጣት ላይ የሚደረድሩም አሉ። ይሳካ አይሳካ የሚታወቀው በኮምፒውተሩ መስኮት ሳይሆን በሰዎች ዘንድ፥ በትዕግሥት ሲፈተን ነው። ለእነዚህ ሰዎች ጥበብና ቅንነት እንዲሰጣቸው የጸለይነው ስንት ጊዜ ነው?

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እናት «ልጆቼ፥ ብከተብ ጌታን አለማመን ይሆንብኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁን። የበለሱን ታሪክ አነበብንላቸው፤ አብረን ጸለይን። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይዘናቸው ሄድን።