ትናንት ተማሪ፣ ዛሬ መምህር፤ በመሃል ማን አለ?

የዶርም ጓደኛዬ በጥሩ ውጤት ተመርቆ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በረዳት ምሩቅነት ሲቀጥረው «አለፈልህ!» አልነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የተሰጠው ግን የኮርሱ ስምና የክፍሉ ቁጥር ብቻ ነበር። ስላይዱን ከቴሌግራም አወረደ፤ ፈተናውን እኛ የተፈተንነውን እያየ አዘጋጀ። «ስሳሳት የሚነግረኝ ሰው የለም» ያለኝ አይረሳኝም።

ታዲያ ነባሮቹ መምህራን ክፉ ሆነው ነው? አይመስለኝም። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ጥያቄውን እንዲህ ላድርገው፦ አንድ ነባር መምህር ጀማሪውን ክፍል ገብቶ ቢያየው፣ ፈተናውን ቢያርምለት ምን ያገኛል? ለማዕረግ ዕድገት የሚፈለገው ያሳተመው ጥናት ነው። ማታና ቅዳሜ ቢያስተምር ክፍያ አለው። ጀማሪን መደገፍ ግን ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ አስቤዛ አይገዛም። በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጉዳይ ሥራ እስከማቆም ደርሰው እንደነበር አንርሳ። ኑሮ ያጣደፈውን ሰው ትርፍ ሰዓትህን በነጻ ስጥ ማለት ይከብዳል።

ቁጥሩም አለ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና አለማያ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ሕንጻ በጥቂት ዓመት ይቆማል፤ ልምድ ያለው መምህር ግን በዚያ ፍጥነት አይደርስም።

«ሃየር ዲፕሎማ የሚባል የመምህራን ስልጠና አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ይጠቅማልም። ግን የማስተማር ዘዴን በቡድን መሰልጠንና «ይህን ጥያቄ ለምን እንዲህ አወጣኸው?» የሚል ሰው አጠገብህ ማግኘት ይለያያሉ።

ዋጋውን የሚከፍለው በመጨረሻ ተማሪው ነው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለበት፤ ጥያቄው ደግሞ መምህርህ ጀማሪ ነበር ወይ ብሎ አይራራለትም።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ጀማሪን መደገፍ ልክ እንደ ማስተማር ከክሬዲት ሰዓት ይቆጠር፤ ለዕድገትም ይያዝ። ጀማሪውም በመጀመሪያው ሴሚስተር ከአንድ ኮርስ በላይ አይጫንበት። ወጪ አለው፣ አውቃለሁ። አሁንም ግን እየከፈልን ነው፤ ደረሰኙ ስለሌለ ነው የማይታየን።

ጓደኛዬ ዛሬ ማስተርሱን ይዞ ሌክቸረር ሆኗል። ዘንድሮ አንዲት አዲስ ተቀጣሪ ስላይድ ጠየቀችው፤ ሰጣት። ክፍል ገብቶ እንዲያያት ስትጠይቀው ግን አልቻለም። ኤክስቴንሽን ነበረበት።