ሠርግ በብድር? መጀመሪያ ኪላርኒን እዩ!

  

ለዚህ ዓምድ የምትጽፉልኝ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «እጮኛዬን በደንብ ማወቄን በምን ልወቅ?» ትላላችሁ። እኔ የምለው፣ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ እያማሰሉ ሰው አይታወቅም። ካፌ ውስጥ ሁሉም ጨዋ ነው፤ ሁሉም ለጋስ ነው፤ ሁሉም ሽቶ ተቀብቷል። ሰው የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው። ዝናብ ሲመታው፣ ጫማው ውኃ ሲያስገባ፣ ሲርበው፣ መንገድ ሲጠፋው… ያኔ እውነተኛው ሰውዬ ብቅ ይላል።

ስለዚህ የዛሬው ምክሬ አጭር ነው፤ ቀለበት ከማሰራችሁ በፊት አብራችሁ በእግር ሂዱ። እኔ በምኖርበት በአየርላንድ ላላችሁ የሐበሻ ልጆች ደግሞ ቦታውንም ልጠቁማችሁ፤ ኪላርኒ ይባላል። አዲስ አበባ ያላችሁም አንብቡት፤ ነገሩ የመንገድ ብቻ አይደለም።

ኪላርኒ በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ፣ ኬሪ በሚባለው አውራጃ ያለች የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ከደብሊን በባቡር ከሦስት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ባቡር የገባላት እ.ኤ.አ. በ1853 ሲሆን፣ እንግዳ መቀበል ከጥንትም ሥራዋ ነው። ከከተማዋ ጫፍ የሚጀምረው ብሔራዊ ፓርክ ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ ይሰፋል። ውስጡ ሦስት ሐይቆች፣ ያረጀ ደንና ዱር ያደጉ አጋዘኖች አሉ። ከሐይቆቹ ባሻገር የሚታዩት ተራሮች የአየርላንድ ረጃጅሞቹ ናቸው፤ የሁሉም ቁንጮ 1,039 ሜትር ነው። «ይሄም ተራራ ተባለ!» እንዳትሉ። አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ በእጥፍ ከፍ ብላ መቀመጧን አውቃለሁ። ይሄኛው ግን ከባሕር ጠለል አጠገብ ብድግ ያለ ስለሆነ፣ ከሥሩ ቆሞ ላየው ያስፈራል።

ባለፈው ዓመት እዚያ የሄድኩት ከአንዲት ጓደኛዬና ከእጮኛዋ ጋር ነበር። ሁለቱም ደብሊን ሠርተው የሚያድሩ ልጆች ናቸው። ፍቅራቸው ያስቀናል፤ ግን ሠርግ የሚባል ነገር ሲነሳ ቤቱ ይናወጣል። እሱ አዲስ አበባ ላይ አምስት መቶ ሰው ጠርቶ መደገስ ይፈልጋል፤ ለዚያም ከባንክ ሊበደር ወረቀቱን ጨርሷል። እሷ ደግሞ «ብድር የምትፈርም ከሆነ እኔ ቀለበቱን አልቀበልም» ብላለች። እኔ በመሃል ሳልመረጥ ሽማግሌ ሆኜአለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከከተማው ወጥተን ወደ ሮስ ግንብ አዘገምን። በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ መንገዱ ሜዳ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። ግንቡ ሎክ ሌን በሚባለው ትልቁ ሐይቅ ዳር የቆመ የድንጋይ ማማ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን የሠሩት ኦዶናሁ የሚባሉት የአካባቢው ባላባቶች ናቸው። ስለዚህ ግንብ አንድ ትንቢት ነበር አሉ፤ «መርከብ በሐይቁ ላይ ካልታየ ማንም አይዘውም» የሚል። ሐይቁ ከባሕር ርቆ ተራራ መሃል ስለሆነ፣ ውስጥ ያሉት ተማምነው ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1652 የክሮምዌል ጦር ከበባ አደረገ። የጦሩ አዛዥ ጀልባዎች አስመጥቶ ሐይቁ ላይ አንሳፈፈ። ግንቡም እጁን ሰጠ። ከሙንስተር ግዛት መጨረሻ የተያዘው ምሽግ ይኸው ነበር።

እጮኛዬው ነገሩን ሰምቶ፣ «ወሬ ነው ያሸነፋቸው በለኛ!» አለ። ይህን አባባሉን ልብ አድርጉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከግንቡ ሥር በጀልባ ኢኒስፎለን ወደሚባለው ደሴት ይኬዳል። እዚያ በ7ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተ የገዳም ፍርስራሽ አለ። መነኮሳቱ የአየርላንድን ታሪክ ዓመት በዓመት እየመዘገቡ የጻፉት መጽሐፍ ዛሬ እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። የሐይቁ ስም ራሱ «የትምህርት ሐይቅ» ማለት ነው ይላሉ። ልጁ የባሕር ዳር ልጅ ነውና፣ «ጣና መሃል ያለሁ መሰለኝ» ብሎ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ኪሱ ከቶ ዝም ሲል አየሁት። ጓደኛዬም አየችው።

ሁለተኛው ቀን ዝናብ። በኬሪ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ የቤት ልጅ ነው። የከተማው ጋሪ ነጂዎች «ኑ ውጡ» እያሉ ይጠራሉ። እኛ ግን ጃኬታችንን ቆልፈን በእግራችን ወደ መክሮስ ገዳም ሄድን። ይህ እ.ኤ.አ. በ1448 የተመሠረተ የፍራንሲስካውያን ገዳም ነው። ጣራው የለም፤ ግድግዳው ግን እንዳለ ቆሟል። በውስጠኛው ግቢ መሃል የኛን ጽድ የሚመስል፣ እነሱ «የው» የሚሉት ግዙፍ ዛፍ አለ። ዛፉ ከገዳሙ እኩል ዕድሜ አለው ይባላል። ቅርንጫፉ ግቢውን እንደ ጃንጥላ ሸፍኖታል። ሰው የሠራው ጣራ ሄዶ፣ ዛፉ ጣራ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ነው ጉዱ። ሐይቁን ይዛችሁ ስትሄዱ ድንገት አንድ ትልቅ ቤት ፊታችሁ ይደቀናል። መክሮስ ቤት ይባላል፤ 65 ክፍል አለው። ኸርበርት የሚባሉ ባለርስቶች እ.ኤ.አ. በ1843 ሠርተው የጨረሱት ነው። ልጁ ቤቱን ሲያየው ዓይኑ በራ። «ሠርግ ማለት እንዲህ ያለ ቦታ ነው!» አለ። ጓደኛዬ መልስ አልሰጠችውም። ቲኬት ገዝተን ገባን።

አስጎብኚዋ ታሪኩን ጀመረች። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1861 ወደዚህ ቤት መጥተው ነበር። ባለቤቶቹ ለዚህ ጉብኝት ለዓመታት ተዘጋጁ። አዲስ መጋረጃ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ አዲስ ሸክላ፣ አዲስ የብር ዕቃ… ያልተገዛ ነገር የለም። ንግሥቲቱ እሳት ይፈራሉ ስለተባለ፣ መኝታቸው ምድር ቤት ተዘጋጀላቸው። መጡ፤ ሐይቁን አዩ፤ ተደነቁ። ያደሩት ግን ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ሞቱና ንግሥቲቱ ሐዘን ገቡ። ኸርበርቶች ተስፋ ያደረጉት የንግሥት ውለታ ውኃ በላው። ቤተሰቡ ኋላ ገንዘብ አጠረው፤ ያ ሁሉ ወጪ ለመቸገራቸው አንዱ ምክንያት ነው ይባላል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ርስቱም ቤቱም ከእጃቸው ወጣ።

«ሁለት ሌሊት?» አለች ጓደኛዬ። ልጁ ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር።

ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1911 ቦርን የሚባሉ የካሊፎርኒያ የወርቅ ማዕድን ባለሀብት ቤቱን ገዝተው፣ ለልጃቸው ለሞድና ለባሏ ለአርተር ቪንሰንት የሠርግ ስጦታ ሰጡ። እንግዲህ ይሄ በብድር አይደለም፤ ሰውዬው አላቸው! ሞድ እ.ኤ.አ. በ1929 በሞት ተለየች። ወላጆቿና ባሏ ቤቱን ዘግተው አላለቀሱም፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ቤቱንም፣ መሬቱንም፣ ሐይቅ ዳሩንም ለመታሰቢያዋ ለአየርላንድ ሕዝብ ሰጡት። የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ እንዲህ ተወለደ። ለታይታ የተገዛው ምንጣፍ ባለቤቶቹን አላተረፈም፤ ለሰው የተሰጠው መሬት ግን ይኸው የሞድን ስም ዛሬም ያስጠራል። እኔና ሁለቱ ልጆች አምስት ሳንቲም ሳንከፍል የተንሸራሸርነው በእሷ የሠርግ ስጦታ ላይ ነው።

ከቤቱ ወጥተን ወደ ቶርክ ፏፏቴ ስንወጣ ዝናቡ በረታ። ፏፏቴው 20 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከዝናብ በኋላ ስለሚያገሳ አጠገቡ ጮክ ካላሉ አይሰማም። እነዚያ ሁለት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የተነጋገሩት እዚያ፣ እየጮኹ ነው። እኔ ራቅ ብዬ ብቆምም ቃል አላመለጠኝም።

«የታላቅ ወንድሜ ሠርግ ላይ ምግብ አለቀ!» አለ። «አባቴ እስከ ዛሬ ዕድር ውስጥ ያ ነገር ሲነሳ አንገቱን ይደፋል። ገባሽ? ለራሴ አይደለም!»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እኔ እናቴ ለእህቴ ሠርግ የተበደረችውን ስትከፍል ነው ያደግኩት» አለችው። «የትምህርት ቤት ደብተሬ ሳይቀር ከዚያ ዕዳ ተርፎ ነበር የሚገዛው።»

ለካስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጣሉ የኖሩት በድግስ አልነበረም። እሱ የአባቱን አንገት፣ እሷ የእናቷን ዕዳ ተሸክመው ነበር የሚጨቃጨቁት። ይሉኝታ ይሉታል ይሄንን። ሮስ ግንብን ወሬ ሲያሸንፈው ሰምቶ የሳቀው ልጅ፣ ራሱ «ሰው ምን ይላል» በሚል ወሬ ተከቦ ከርሟል።

ቁልቁል ሲወርዱ ስምምነት ላይ ደርሰው ነበር፤ «ሰው ይነስ፣ ምግቡ ይትረፍ» የሚል። የብድሩ ወረቀት ተቀደደ። አባትየው አያፍሩም፤ ልጅቷም ዕዳ አትወርስም። የትኛው አጎት ይጠራ፣ የትኛው ይቅር በሚለው ግን አሁንም እየተከራከሩ ነው። እሱን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ።

እናላችሁ፣ ኪላርኒ ለመሄድ የምታስቡ ይህን ያዙልኝ። ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ጫማ አትርሱ። ፓርኩ ውስጥ በእግር መሄድ ነፃ ነው፤ የመክሮስ ቤትን ውስጥ ለማየት ግን ይከፈላል። ጋሪ ከፈለጋችሁ ሳትሳፈሩ ዋጋ ተነጋገሩ። አጋዘን ካያችሁ ከሩቅ ተመልከቱ፤ በተለይ በመጸው ወራት ወንዶቹ ሚስት ፍለጋ ላይ ስለሆኑ ቀልድ አያውቁም። ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ።

አየርላንድ ያልሆናችሁ ደግሞ ቅር አይበላችሁ፤ እንጦጦም መንገድ ነው። ዋናው እጮኛችሁን ይዛችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት መሄድ፣ ሲደክማችሁም አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ «ስለ ሠርጋችን ስታስብ የምትፈራው ማንን ነው?» በሉት። በላት። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ስለ ድንኳኑ ትነጋገራላችሁ።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ!