ከጎን ሲያዩት የሚጨልም ስክሪን

ባለቤትዎ አጠገብዎ ተቀምጠው የስልክዎ ስክሪን ጠቁሮ ቢታያቸው፣ “ምን ቢደበቀኝ ነው?” ማለታቸው አይቀርም። ታክሲ ውስጥ የባንክ የሚስጥር ቁጥር እንዳይታይብዎ ብለው ከጎን የሚጋርደውን ላስቲክ ለጥፈው ከሆነ፣ ሳይጠየቁ ይንገሯቸው። በላስቲኩ ውስጥ ቆመው የተደረደሩ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ጥቁር ክንፎች አሉ፤ ብርሃኑን ፊት ለፊት ብቻ ያሳልፋሉ። ወደ ጎን 30 ዲግሪ ያህል ሲያልፉ ጨለማ ነው። በትከሻዎ ላይ አሻግሮ የሚያይ ግን ሁሉን ያነባል! ብዙዎቹ ደግሞ ስልኩ ሲጋደም ከጎን መጋረዳቸው ይቀራል። ብርሃን ስለሚውጡም ስክሪኑን ማድመቅ ግድ ይሆናል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የሚያብለጨልጨው ዓይነት የመስኮቱን ብርሃን እንደ መስታወት ይመልሳል፤ ደብዛዛው ነጸብራቁን ይበትናል፣ ፊደሉን ግን ጥቂት ያደበዝዛል። መስኮት አጠገብ ለሚሠራ ሰው እኔ ደብዛዛውን እመርጥለታለሁ።