በመነጽር ውስጥ ያደነቅነውን ሙያ በሰፈር ለምን እንሰድበዋለን?

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ እኛ የአንድ ዶርም ልጆች ከመካነ ሰላም ሳንወጣ አማዞን ጫካ ደርሰን ተመለስን። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት ከውጭ አገር ለዕረፍት ሲመጣ ቪአር የሚባለውን መነጽር ይዞ ነበርና፣ ለምነን ለአንድ ቀን ተዋስነው። «ግሪን ሄል» የተባለውንም ጨዋታ በየተራ ሞከርነው። የሠሩት ፖላንዶች ናቸው፤ በመነጽር የሚታየው ዐይነት የወጣው በ2014 ዓ.ም. ነው።

መነጽሩ ለግራና ለቀኝ ዐይን ጥቂት የሚለያይ ሥዕል ያሳያል፤ አንጎል ሁለቱን አዋሕዶ ጥልቀት ያለው ዓለም ያደርገዋል። ራስን ዞር ሲያደርጉ ጫካውም አብሮ ይዞራል። ታዲያ ዐይን «እየሄድክ ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ኧረ ቆመሃል» ስለሚል ያጥወለውላል። አንዱ ጓደኛችን ዛፍ እደገፋለሁ ብሎ የተደራራቢውን አልጋ ብረት በግንባሩ ገጨው!

ጨዋታው ሰውን ባዶ እጁን ጫካ ውስጥ ይጥለዋል። ድንጋይ ከእንጨት ጋር በገመድ አስሮ ምሳር መሥራት፣ እንጨት በእንጨት ፈትጎ እሳት ማንደድ፣ መጠለያ መቀለስ፣ ክንድ ላይ የተጣበቀ አልቅት መንቀል ግድ ነው። እሳቱ ሲያያዝ ዶርሙ በጭብጨባ ተናጋ። የቦረና ገበሬ ልጆች መሆናችንን ረስተን! እናቶቻችን ማታ ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍነው ሲያሳድሩ፣ ከጠፋም ከጎረቤት እሳት እየጫርን ስናመጣ ያደግን ሰዎች እኮ ነን። ያን ጊዜ ማንም አላጨበጨበልንም።

የጨዋታው ምሳር ክብደት የለውም፤ እጅም አያቆስል። ነገር ግን ለሠሪው ክብር ይሰጣል፤ የሠራ ይድናል፣ ያልሠራ ይሞታል። አንዱ ምሳሩን ቶሎ ሲጨርስ ሌላው «አንተማ የቀጥቃጭ ዘር ነህ!» ብሎ ቀለደ። ሣቅን። አንድ ልጅ ብቻ አልሣቀም፤ ተራው ሳይደርስ ወጥቶ ሄደ። አባቱ ማረሻ ቀጥቅጠው እንዳሳደጉት እናውቅ ነበር። እያወቅን ሣቅን።

እንግዲህ የምንለው ይህን ነው። ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ድግሩን አባቶቻችን ከእንጨት ይጠርባሉ፤ ማረሻውና ወገሉ ግን ከብረት ሠሪ እጅ ካልወጣ መሬቱ አይታረስም። እንጀራችን የሚጋገርበት ምጣድም የሸክላ ሠሪ ልፋት ነው። ሆኖም በየሰፈራችን ቡዳ እያልን እናሸማቅቃቸዋለን፤ ከልጆቻቸው ጋር አንጋባም። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው! ነገ ጠመኔ ይዘን ሕፃናት ፊት የምንቆመው እኛ ግን ያንኑ ስድብ ከመኝታ ክፍላችን እንኳ አላወጣነውም።

መምህሮቻችን ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ሲያስተምሩን «በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ» ይላሉ። ልክ ነው። እኛ ደግሞ ቁሳቁሱን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም እንጥራ እንላለን። አንድ ብረት ሠሪና አንዲት ሸክላ ሠሪ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ይጋበዙ፤ ወናፉ ክፍላችን በር ላይ ይነፋ፤ እኛም ደብተር ይዘን እንቀመጥ፤ አበልም ይከፈላቸው። ወጪ አለው የሚል ካለ፣ መነጽር ለተቋሙ ይገዛልን ብለው ፊርማ ማሰባሰብ የጀመሩ ጓደኞቻችን አሉና ዋጋውን ከእነሱ ይጠይቅ።

ያንን ልጅ ሰኞ ጧት ይቅርታ ጠየቅነው። «ኧረ ምንም አይደል» ብሎን ወደ ክፍል ገባ። እኛ ግን አላመንነውም።