ያለ ፊርማ የሚዘጋ መስመር

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ መገባደጃ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ፣ ኢንተርኔት ውሃም አየርም እንዳልሆነና ለአገር ደኅንነት ሲባል በማንኛውም ጊዜ ሊዘጋ እንደሚችል ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አሠራር ሆኗል። ጸጥታ ሲደፈርስ ዳታ ይዘጋል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚናገር የለም። የተማረው ሰው ሳይቀር «ሰላም ሳይኖር ኢንተርኔት ምን ይሠራል?» እያለ ተቀብሎታል። እኔ አልቀበለውም። ምክንያቴን ከቆቦ ተነሥቼ ልናገር።

በሰሜን ወሎ፣ በራያ ምድር ያለችው ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ሜዳዋ የማሽላና የጤፍ ነው፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። ከዚህ አገር ብዙ ወጣት ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ገብቷል። የራያ እናት ልጇን የምታየው በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ነው። የጎረቤት ልጅ ይከፍትላታል፤ እሷ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ከስቶ እንደሆነ፣ ታሞ እንደሆነ ፊቱን ትመረምራለች። ደኅና ነኝ ቢላት አታምነውም፣ ማየት አለባት። ዳታ ሲዘጋ የሚቀርባት ይህ ነው። ልጁ በመደበኛ መስመር ቢደውል እንኳ ሒሳቡ በየደቂቃው ስለሚቆጥርበት፣ ሰላምታው ሳያልቅ ይሰናበታታል።

በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት የተዘጋው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ ነው። አዋጁ አንድ ጊዜ ተራዝሞ በግንቦት 2016 መጨረሻ ላይ አበቃ። ኢንተርኔቱ ግን አብሮ አልተመለሰም። በአንዳንድ ከተሞች መከፈት የጀመረው በዚያው ክረምት ሲሆን፣ ብዙው የክልሉ ክፍል ከዚያም በኋላ ጠብቋል። አዋጁ ካለቀ ወዲያ መስመሩ በየትኛው ሕግ ተዘግቶ ቆየ? ይህን ጥያቄ አጥብቆ የጠየቀ የምክር ቤት አባል ነበረ ወይ?

ኢንተርኔት ቅንጦት ነው የሚለው ክርክር በዋና ከተማም በቆቦም የማያስኬድበት ምክንያት አለ። መንግሥት ራሱ አገልግሎቱን ሁሉ ወደዚያ ወስዶታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ። በ2015 ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ካልሆነ አይሸጥም ተባለ። ፋይዳ መታወቂያ መጣ፣ ባንኮችም ይጠይቁት ጀመር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ውጤቱን በድረ ገጽና በቴሌግራም ቦት እንዲያይ ይነገረዋል። «ቴሌብር ያለ ዳታም በ*127# ይሠራል» የሚል መልስ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ኔትወርኩ ካለ የባጃጅ ሹፌሩ ነዳጅ ሊከፍልበት ይችላል። ነገር ግን *127# የሽንኩርት ፎቶ አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ አይልክም፤ ገበሬው ማሳው ዳር ከቆመው ደላላ በቀር ሌላ ገዢ እንዲያገኝ አይረዳውም፤ ለተማሪም መጽሐፍ አያወርድለትም። የድምፅ መስመሩም አብሮ ሲጠፋ ደግሞ ኮዱም ከንቱ ነው።

ከመዝጋት ወገን የቆመ ሰው የሚያነሣው ጠንካራ ማስረጃ የጥላቻ ንግግር ነው፤ አቅልዬ አላየውም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 የተገደሉት በፌስቡክ ስማቸው እየተጠራ ከተዛተባቸው በኋላ ነው። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ፍርድ ቤት ከሷል። የዚያ ክስ ጥያቄ ግን ኢንተርኔት ይዘጋ የሚል ሳይሆን፣ ኩባንያው በቋንቋችን የሚጻፈውን የሚከታተል በቂ ሰው ይመድብ የሚል ነው። በጥላቻ ንግግር ላይም ከ2012 ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 1185 አለን። ጥፋተኛውን ስሙን ጠርቶ መክሰስ እየተቻለ የክልልን ሕዝብ ሁሉ መቅጣት ፍትሕ አይደለም።

ጨለማ ሰው ያድናል ለሚለኝ ደግሞ ቆቦ መልስ አላት። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2013፣ የትግራይ ኃይሎች በከተማዋ ሲቪሎችን ገደሉ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎችና አምነስቲ ኢንተርናሽናል የምስክሮችን ቃል ሰብስበው አውጥተውታል። በዚያን ጊዜ አካባቢው ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆርጦ ነበር። ፌስቡክ አለመኖሩ አንድም ሰው አላተረፈም። ያደረገው ነገር ቢኖር ለቅሶውን ማዘግየት ነው፤ አዲስ አበባና ጅዳ ያለ ዘመድ የሞተበትን ሳያውቅ ዓመት በዓል ተቀበለ። ከአላማጣ ወዲያ ያለው የትግራይ ሕዝብም ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል በዚሁ ጨለማ ውስጥ ኖሯል፤ እዚያም የተፈጸመው ግፍ የተሰማው ዘግይቶ ነው። ግንኙነት መቁረጥ የሚጠቅመው ገዳይ ማንም ይሁን ማን ለገዳዩ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን በፍርድ ቤት ተከራክረውበታል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2012 በካሽሚር ጉዳይ ኢንተርኔትን ላልተወሰነ ጊዜ መዝጋት እንደማይቻልና የመዝጊያው ትእዛዝም ለሕዝብ መታተም እንዳለበት ወሰነ። በዚያው ዓመት ሰኔ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት የቶጎ መንግሥት በተቃውሞ ጊዜ ኢንተርኔት መዝጋቱ ሕግ መጣስ ነው አለ። በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማስተላለፍ ነጻነትን ደንግጓል። ከዚያ አንቀጽ ጋር የሚገጥም፣ ማን እንደፈረመው የሚታወቅ የመዝጊያ ደብዳቤ ግን ለሕዝብ ሲወጣ አላየንም።

ኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞቼ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሆኑ ይላል፤ የማማውና የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ የገባባቸው ከተሞች ቁጥርም በየዓመቱ ይነበባል። ማስፋፋት ማለት ይህ ብቻ ተደርጎ መወሰዱ ሌላው ስሕተት ነው። የቆቦ ነዋሪ ዳታ በተዘጋበት ወር ሁሉ ደንበኛ ተብሎ ይቆጠራል። ከሃያ ዓመት በፊት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን የሚያገናኘው ወረዳኔት ሲዘረጋም የወረዳ ሹማምንት ከበላዮቻቸው ጋር በምስል የሚነጋገሩበት ሆኖ ቀረ፤ ሕዝቡ የሚገባበት በር አልተከፈተለትም። ለቆቦ ማስፋፋት ማለት በቤተ መጻሕፍቱ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱና በጤና ጣቢያው ማንም ገብቶ የሚጠቀምበት፣ ሞባይል ዳታ ሲዘጋ አብሮ የማይዘጋ የገመድ መስመር ነው።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በየዓመቱ በየዞኑ ኢንተርኔት የተዘጋበትን ሰዓት ቆጥሮ ያውጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ያለ ስም፣ ያለ ምክንያትና ያለ ማብቂያ ቀን የሚሰጥ የመዝጊያ ትእዛዝን የሚከለክል ሕግ ያውጣ፤ የሰሜን ወሎ ተመራጮች ጥያቄውን ቀድመው ያንሡት።