የወንድማችንን ገመና እንሸፍን

«እግዚአብሔር ሁሉን ያያል፤ በኢንተርኔት ላይ ምን የሚደበቅ ነገር አለ?» የሚሉ ቅዱሳን አሉ። ጌታ ግን የሚያየን ሊሸፍነን እንጂ ሊያጋልጠን አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ዋግ ኽምራን፣ ሰሃላንም ጭምር ሲመታ የተራቡ ሰዎች ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተዘዋወረ። ረሃብ ያልፋል፤ ፎቶው ግን ይቀራል። ያ ሕፃን ነገ አድጎ ራሱን ያገኘዋል።

በዚያው ዓመት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እኛ ግን ከሕጉ በፊት ሴምና ያፌት ነበሩን፤ የአባታቸውን ዕራቁትነት ፊታቸውን አዙረው ሸፈኑ። ለወንድሞቹ ወጥቶ ያወራው ካም ነው።

«ፎቶ ካልታየ ማን ይሰጣል?» ትሉ ይሆናል። የደረቀውን ማሳ አሳዩ። የእናቲቱን ፊት ግን ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ። ምጽዋታችን በስውር ይሁን ያለን ጌታ የተቀባዩንም ክብር ያያል።