ዐቃቤ ሰዓት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውኃው ሲወርድ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ያገኛል። ቀድሞ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን ምድሩ ተያይዞ በእግር ይገባበታል። ወንድ ከሆነ ነው ታዲያ፤ ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም።

ስለዚህ ቦታ ባሰብሁ ቁጥር ከውኃውና ከዛፉ ይልቅ በኅሊናዬ የሚመላለሰው አንድ የማዕርግ ስም ነው፤ ዐቃቤ ሰዓት። የገዳሙ አበምኔቶች የተጠሩበት፣ ኋላም በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ሹመቶች አንዱ የሆነ ስም ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ለንጉሡ ምን ያህል ቅርብ እንደነበሩ ታሪክ ያነበበ ያውቃል። ቃሉን ከሹመቱ ለይተን ብንመለከተው ግን እጅግ ትሑት ነው፤ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። አለቃ አይል፣ ገዥ አይል፣ ፊታውራሪ አይል። ሌላው እንዳይዘገይና እንዳይቸኩል ሰዓቱን የሚጠብቅ ሰው፣ ይኸው ነው።

የገዳሙን ትምህርት ቤት ያቆሙት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ከደብረ ዳሞ የመጡ መነኩሴ ናቸው። ያረፉት በ1292 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ከዚያ ዘመን ተርፎ ዘመናችን ደርሷል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሰብስበው ያቆዩት ሳይሆን የሸኙት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ከእርሳቸው ዘንድ ተምረው ሄዱ፤ በሄዱበትም የየራሳቸውን ገዳም አቀኑ። ምርጥ ተማሪዎቹ ጥለውት የሚሄዱ፣ እርሱ ግን በመሄዳቸው የማይጎድል መምህር ምን ዓይነት መሪ ነው?

ይህ ጥያቄ ሰሞኑን ባልጠበቅሁት ስፍራ ገጠመኝ። ስለ አሜሪካ ኮሌጆች የበረዶ ላይ ሆኪ አነብ ነበር። ጨዋታውን ለማያውቅ፣ የእኛን ገና በረዶ ላይ አውጥተው፣ በሩሩ ፈንታ ጠፍጣፋ ጎማ አስገብተው፣ ለተጫዋቹም ስለት ያለው ጫማ አድርገውለት እንደሆነ ይቍጠረው። አምበሉ በደረቱ ላይ አንዲት ፊደል ይለጥፋል። ከጨዋታው በላይ የሳበኝ ግን የኮሌጅ ቡድን ጠባይ ነው። ተማሪ አራት ዓመት ያህል ቈይቶ ይሄዳል፤ የዛሬው አምበል ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልካች ነው። ሰው ሁሉ እየተለወጠ ቡድኑ ያው ቡድን ሆኖ የሚቀረው በምንድን ነው? በሥርዓቱ ብቻ ነው፤ አዲስ የመጣው ልጅ ከነባሩ አይቶ በሚወርሰው ልማድ። ገዳምም በዚሁ ነው የሚኖረው።

በ1980 በሌክ ፕላሲድ የክረምት ኦሎምፒክ የአሜሪካ የኮሌጅ ልጆች ኀያሉን የሶቭየት ኅብረት ቡድን 4 ለ 3 ረትተዋል። አሠልጣኙ ኸርብ ብሩክስ የሚኒሶታና የቦስተን ልጆች በቀድሞ ጠባቸው እንዳይከፋፈሉ የሁሉንም ቅሬታ ወደ ራሱ ሳበ፤ እርሱን በመጥላት አንድ ሆኑ ይባላል። ብልሃቱ ሠርቷል። ቢሆንም አልወደውም። አለቃውን በመጥላት የተባበረ ቡድን አለቃው ዞር ባለ ማግሥት በምን ይተባበራል? በእኛ ገና ጨዋታ ላይ ጌታው እንኳ አይቆጣም የሚባለው ከዚህ የተሻለ ይመስለኛል፤ እዚያ ማዕርግ ከሜዳው ውጭ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ወደ ራሳችን ሜዳ እንመለስ። በ1981 በማድሪድ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር የኢትዮጵያ ወንዶች ከፊት ሆነው ይመሩ ነበር። ከዚያም ሊያምኑት የሚያስቸግር ነገር ሆነ፤ አንድ ዙር እየቀረ የመጨረሻው ዙር መስሏቸው ተፈተለኩ። ያለቀ መስሏቸው ኃይላቸውን ጨረሱ። እውነቱን ሲረዱ ሌሎቹ ደርሰውባቸው ነበር። መሐመድ ከድር እንደገና ተነሥቶ ቢያሳድድም አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ቀደመው። በግል ያጡት ወርቅ ይቈጫል። ነገር ግን በአገር አቋራጭ የቡድን ውጤት የሚሰላው የስድስት ሯጮች ደረጃ ተደምሮ ነበር፤ በቡድን ያሸነፈችውም ኢትዮጵያ ነች! ሰዓት ጠባቂ ያጣ ቡድን ነበር፤ ሆኖም ስድስተኛው ሰው ሩጫውን ስላልተወ ድሉ ቀረ። ስለዚያ ቀን ስናወራ የተሳሳተውን ዙር እናስታውሳለን። ስድስተኛው ማን እንደነበር ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

ከሁሉ ይልቅ የምመላለስበት ግን አቴንስ ነው። ነሐሴ 2004፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ያሸነፈበት ርቀት ነው፤ በዚያ ምሽት ግን የተረከዙ ጅማት ታምሞ ነው የቆመው። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ከፊት ሆነው ሲያፈጥኑ ኃይሌ ወደ ኋላ ቀረ። ልጆቹ ዞረው አዩት፤ ፍጥነታቸውንም ቀነሱ። በኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ በዓለም ፊት፣ ታላቃቸውን ጠበቁት። ኃይሌ ደረሰባቸው፤ ጥቂት አብሯቸው ሮጠና እንደገና ተለየ። ያን ጊዜ ሄዱ። ቀነኒሳ በ27 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ የኤርትራው ዘርዕሰናይ ታደሰ ሦስተኛ ሆኑ፤ ኃይሌ አምስተኛ ገባ።

ይህን የሚነቅፉ አሉ። ወርቅ በይሉኝታ አይወሰድም፤ ተቀናቃኝ ቢቀድማቸውስ ኖሮ? ይላሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። እኔም በስሜት ብቻ ብመልስ አንባቢ አይቀበለኝም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዘላለም አልጠበቁትም። መጠበቅ የሚገባበትን ልክ ጠበቁ፤ መሄድ በሚገባበትም ሰዓት ሄዱ። ኃይሌም ከእኔ በፊት አትሂዱ የሚል አልነበረም። አምበልነት በዚያ ሩጫ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ያየነው ያለ ቃል ነው፤ የምርቃት ንግግርም የሹመት ደብዳቤም አላስፈለገውም።

እንዲህ ያለው ሁልጊዜ አይገኝም። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ፌዴሬሽኑና የኦሎምፒክ ኮሚቴው በአደባባይ ሲካሰሱ ሰምተን አፍረናል። ሯጭ እግሩን ሲያሟሙቅ አለቆቹ ፊርማ ይሻማሉ። በ2024 ግን ፓሪስ ላይ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ከማራቶኑ ሲወጣ በተጠባባቂነት የተያዘው ታምራት ቶላ ገባ፤ በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ተጠባባቂ የሚለው ቃላችንና ዐቃቤ የሚለው ግእዝ በትርጉም ዘመዳሞች መሆናቸውን ያን ቀን ነው ልብ ያልሁት። ሊመጣ ለማይችል ሰዓት ተዘጋጅቶ መኖር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የማናውቅ ሰዎች ነን፤ ቢያንስ እኔ አላውቅም ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ ለአንድ ዓመት የኮሌጃችን እግር ኳስ ቡድን አምበል ነበርሁ። (አምበልና አምባሰል በድምፅ ብቻ ነው የሚቀራረቡት፤ እኔ ግን ያኔ ተራራውን ያህል የሆንሁ መስሎኝ ነበር።) ሥራዬ መጮህ ነበር። የሳተውን እሰድባለሁ፤ ያገባውን አቅፌ ፎቶ እነሣለሁ። በልምምድ ሁልጊዜ ከሁላችን ቀድሞ የሚመጣ፣ የኳሱን ከረጢት ተሸክሞ የሚወርድ፣ የዘገየውን መኝታ ክፍሉ ድረስ ሄዶ የሚቀሰቅስ አንድ ተጠባባቂ ልጅ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አላሰለፍነውም። አሠልጣኙ አንድ ቀን በእርሱ ጉዳይ ሐሳቤን ሲጠይቀኝ ትከሻዬን ነቅንቄ አልፌዋለሁ።

የመጨረሻውን ግጥሚያ ተሸነፍን። እኔ ማልያዬን አውልቄ ሣሩ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ከበሩ ስደርስ ዞር ብዬ ባይ ልጁ ሜዳው መካከል ተንበርክኮ ማልያዎቹን እያጠፈ ይቈጥራል። ዐሥር ደረሰና ቆመ። ቀና ብሎ ግራ ቀኝ ፈለገ፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደ እኔው ማልያ ሄደ።